ሠላሳ አንድ ውል

ኬሊማኔ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን፣
አንዲት ክፍል ሰጡን።
በሯ ላይ «ዓለም አቀፍ ግንኙነት» ሊጽፍ የመጣ ቀለም ቀቢ
ቦታ ጠብቦት ይሁን ቀለም አልቆበት፣
«ዓለም»ን በደማቁ ጽፎ፣ የቀረውን ከታች በጥቃቅን ፊደል አጨቀበት።
ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ
«ዓለም ገብታለች?» ይላል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።
«ዓለም የለችም፣» እላለሁ እኔ ማኅተም ያዡ፣ «መብራት ሲመጣ ተመለስ።»

ኃላፊዬ ዶና ኦርቴንሲያ ናቸው። መሳቢያቸው አይዘጋም፤
ሠላሳ አንድ ውል ታጭቆበት፣ ቢገፉት ቢገፉት አይጠጋም።
ከብራጋ፣ ከኩሪቲባ፣ ከግራዝ፣
ስሟን ስንጠራ ምላሳችን ከሚሰናከልባት አንዲት የበረዶ ከተማ።
ሁሉም ባለ ሪባን፣ ሁሉም «በጋራ ስምምነት ይታደሳል» ባይ።
ፎቶም አላቸው፤ ሬክተራችን ሲስቁ፣ እንግዳው በላብ ሲቀልጡ።
እስከ ፊርማው ድረስ ያነበባቸው ግን ምስጥ ብቻ ነው።
ውል በዛብን፣ ውሉ ጠፋን፤
ልቃቂቱን ታቅፈን ጫፉን አጣን።

አምና አቅም ሊገነቡልን አንድ አሠልጣኝ መጡ።
ሦስት ቀን፣ በሆቴል፣ ከነሻይ እረፍቱ።
ግድግዳው ላይ ፒራሚድ አበሩልን፤ ጫፉ «ተወዳዳሪነት»፣
መሠረቱ «ሥርዓት»።
መብራት ሲሄድ ፒራሚዱም አብሮ ሄደ፤
ሰውየው ግን ጨለማው ውስጥ መገንባታቸውን አላቆሙም።
ዶና ኦርቴንሲያ እጃቸውን አውጥተው
(ማን ሊያያቸው?) እንዲህ አሉ፦
«አውሎ ነፋስ የወሰደው የቤተ መጻሕፍታችን ቆርቆሮ
በየትኛው ደረጃ ይመለሳል፣ በየት በኩል ዞሮ?»
ሰርተፊኬቱ ወፍራም ወረቀት ነበር።
የተሰበረውን መስኮት ደፈንኩበት።

ከዚያ በመጋቢት፣ ዝናብ እንደ ጅራፍ በሚጮኽበት ቀን፣
ብስክሌት ታክሲ ኋላ ላይ ተቀምጦ አንድ ልጅ መጣ።
ዋይሰን ናሙኮ። ከማላዊ፣ ከሙላንጄ ተራራ ግርጌ።
ደብዳቤ አልቀደመውም። ውል አልጠራውም።
ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሆዱ ጋር አጣብቆታል።
ቅጹን ሰጠሁት። «የመጡበት አየር መንገድ» የሚለው ሣጥን ውስጥ
«በእግር እስከ ሚላንጄ፤ ከዚያ በሽንኩርት ጭነት ላይ» ብሎ ሞላ።
«ለምን እዚህ?» አልኩት፣ በዚያ በሥልጠናው እንግሊዝኛ።

«ጎርፍ እርሻችንን ወሰደው፣» አለ።
«ሩዎ ጠረገው፣ ሺሬ ተረከበው፣
ዛምቤዚ ለባሕር አስረከበው።
ያባቴ አፈር እናንተ ማንግሮቭ ሥር ነው የተኛው፤
ያለ ቪዛ ነው ቀድሞኝ የመጣው።
የት እንደደረሰ ልማር መጣሁ።»

የምመልሰው ጠፋኝ። የሦስት ወር ትምህርቴ
ከ«እንኳን ደህና መጡ» አያልፍም።
ልጁ አጎንብሶ ጫማውን ሲያራግፍ፣ ለራሱ፣ በሎምዌ
አንድ ነገር አጉተመተመ፤
ዶና ኦርቴንሲያ ከወረቀታቸው ቀና አሉ።
እናታቸው የጉሩዌ ሴት ናቸው።
በዚያ ቢሮ ተነግሮ በማያውቅ ቋንቋ፣ ኮስተር ብለው፣ መለሱለት።
ምን እንዳሉት አላውቅም፤ የኔ ቋንቋ ቹዋቦ ነው።
ልጁ ግን ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን አበሰ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀ።
ቅጹ ላይ ቋንቋ ሦስት ነው። አራተኛውን በእስክሪብቶ ጨመሩት፣
መስመሩን ራሳቸው አስምረው።

ሪፖርቱን ማፑቶ ላክን፦ «የውጭ ተማሪ፣ አንድ።»
ተመለሰ። ጎኑ ላይ በቀይ፦ «በየትኛው ውል?»
እስካሁን አልመለስንላቸውም።
ማደሪያ አልተገኘለትም፤ ባንዲራ የሚቀመጥበት ክፍል ይተኛል፤
ጭቃ በጠርሙስ እየሞላ፣ ቀን እየጻፈበት ያመጣል።
ዶና ኦርቴንሲያ ግማሹን ውል ከመሳቢያው አወጡ፣
ለጠርሙሶቹ ቦታ ሰጡ።
አሁን ይዘጋል።

ትናንት አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ አንገቷን አስግጋ
«ዓለም ገብታለች?» አለችኝ።
«ገብታለች፣» አልኳት። «ትንሽ ቆዪ፤
እግሯን እየታጠበች ነው።»